ባብ ኤል መንደብ ላይ ድልድይ ይሠራ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ደቡብ ጫፍ ባለው በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ላይ ጅቡቲንና የመንን የሚያገናኝ 28 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ድልድይ ሊሠራ ነው ተብሎ ነበር፤ ሳይጀመር ቀረ። ዛሬ ቢነሣ ትደግፋላችሁ?

የጅቡቲ መስመር ሹፌር፦ በሁለት እጄ! ከአዲስ አበባ ዱከም እንኳ አይሞላም እኮ። በዚህች ርቀት ስንት ወገን ውሃ በላው። በአውቶቡስ ቢሻገሩ ምን ነበረበት?

የጂኦግራፊ መምህር፦ ወንድሜ፣ ርቀቱን ብቻ አትይ። ሰርጡን የፔሪም ደሴት ለሁለት ይከፍለዋል። በየመን በኩል ያለው መተላለፊያ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱም 30 ሜትር ቢሆን ነው፤ እሱስ ይሠራል። በእኛ በአፍሪካ በኩል ያለው ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በበረዶ ዘመን ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል እንኳ ሰርጡ አልደረቀም። ምሰሶውን ምን ላይ ታቆመዋለህ?

ሹፌር፦ ቱርኮች አውሮፓና እስያን አገናኝተው የለም እንዴ?

መምህር፦ አገናኝተዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዳርዳኔልስ ላይ የከፈቱት ድልድይ በሁለቱ ማማዎች መካከል 2,023 ሜትር ነው፤ በዓለም ረጅሙ እሱ ነው። እዚህ ያንን ደጋግመህ መቀጠል አለብህ፤ ያውም ዐረቢያና አፍሪካ በሚለያዩበት አካባቢ። በ2005 እ.ኤ.አ. አፋር፣ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ በጥቂት ሳምንት እስከ 8 ሜትር ሲከፈት አይተናል። እኔ አልደግፍም።

ከየመን የተመለሰች፦ እኔ በጅቡቲ ጠረፍ በኦቦክ ነው የተሻገርኩት። ሌሊት ነበር። ጉልበታችንን ወደ ደረታችን ሰብስበን፣ አንዱ በሌላው እግር መሃል ተቀመጥን፤ የተንቀሳቀሰ ይመታል። ማዕበሉ ከጎን ሲገባ ከፊቴ ያለችው ልጅ ነጠላዋን እየነከረች ታንጠፈጥፍ ነበር፤ ውሃ የምትቀንስ መስሏት። እስከ ንጋት አላቆመችም።

ስለ ጥልቀቱ መምህር ያውቃሉ። እኔ የማውቀው ድልድይ ጫፉ ላይ ኬላ እንዳለው ነው። ፓስፖርትና ቪዛ ያለው በላይ ያልፋል። እኔ ምንም ወረቀት አልነበረኝም። ድልድዩ ቢኖር ኖሮ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ደላላ፣ በድልድዩ ሥር ነበር የማልፈው። ለእኛ ሲባል ይሠራ አትበሉ። ለእኛ ከታሰበ ሕጋዊ የሥራ ስምሪቱ እስከ ገጠር ቀበሌ ይውረድ፤ ፓስፖርት ለማውጣት ደሀ አይንገላታ።

ሹፌር፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈሽ። ለዕቃው አሁንም ድልድዩን እፈልጋለሁ፤ የሰውን ነገር ግን ልክ ነሽ፣ ቀላቅዬዋለሁ። ከድንበሩ ከጋላፊ ወዲያ በአስፋልቱ ዳር ጀሪካን አንጠልጥለው በእግራቸው የሚሄዱትን በየጉዞዬ አያለሁ። ማሳፈር ያስቀጣል። ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፤ ኦቦክ ስንት ቀን እንደቀረው ይጠይቁኛል።