ጥቆማ፦ የድሮን ፈርምዌር ቤት ውስጥ ኮምፓይል ለማድረግ የቱ ላፕቶፕ ይሻላል?

ጀማሪው፦ ሰላም ቤቶች። አርዱፓይለትን (ድሮን የሚመራውን ፈርምዌር፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም) ከምንጭ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል ላደርግ፣ ኮዱን ቦርዱ ወደሚረዳው ፋይል ልቀይር ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ። ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ልጫንበት፣ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ በሚያስኬደው) ልሥራ፣ ወይስ ያገለገለ ሌላ ልግዛ? የት?

የመገናኛው፦ ያገለገለ እንዳትነካ! እኔ «ከዱባይ የመጣ ነው፣ አዲስ በለው» ተብዬ ገዛሁ። ኮምፓይል ስጀምር ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም። መልሼ ብወስደው ሻጩ «ምን ጭነህበት ነው?» ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ።

ሽቦ፦ ኧረ እኔንም! ባትሪው ሃያ ደቂቃ አይቆይም። የት ሱቅ ነው?

የመገናኛው፦ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።

ደንበኛው፦ ሁሉንም አንድ አታድርጉ። የኔ ላፕቶፕ ሻጭ ልጅ ፒያሳ ነበር፣ ሲፈርስ ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር ገባ። ስድስት ዓመት ከሱ ነው የምገዛው፣ ውሸት አያውቅም።

ሽቦ፦ ኮምፓይል አድርገህበት ታውቃለህ?

ደንበኛው፦ እኔ ፊልም ነው የማይበት። ግን ልጁ ጨዋ ነው።

ታዛቢ፦ ቆይ፣ የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አለህ? ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም።

ጀማሪው፦ ድሮን የለኝም። የበረራ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ብቻ ነው ያለኝ።

ሽቦ፦ ድሮን የለ፣ ላፕቶፕ የለ። ፈርምዌር ብቻ ቀረ። በርታ ፓይለት!

አባ ዋፍ፦ አትሳቁበት፣ እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። ወንድሜ ምንም አትግዛ። በደብሊውኤስኤል 2ም ይሠራል፣ ግን በ4 ጊጋ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ይጨናነቃሉ፤ ፋይልህን ሌላ ቦታ አስቀምጥና ኡቡንቱን ለብቻው ጫን። ኮዱን ስታወርድ ሰብሞጁሎቹ (ኮዱ የሚጠቀምባቸው ሌሎች የኮድ ክፍሎች) አብረው ይውረዱ፣ ብዙ ሰው ኤረር የሚበዛበት እነሱን ረስቶ ነው። የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞችን የሚጭን የኡቡንቱ ስክሪፕት እዚያው ውስጥ አለ። ከዚያ ዋፍን (ኮምፓይል የሚያደርገውን መሣሪያ) ስታዝ የቦርድህን ስም በትክክል ስጠው፣ በአንዴ የሚሠራውን የሥራ ብዛትም ወደ 1 ወይም 2 አውርድ፣ አለዚያ ራሙ ይሞላል። ድሮን ባይኖርህም በሲትል (በአርዱፓይለት የበረራ ማስመሰያ) ኮምፒውተሩ ላይ ታበርራለህ። ፍላሹ (ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) 1 ሜጋ የሆነ ቦርድ ላይ አንዳንድ ፊቸሮች ስለሚቀነሱ፣ ፊቸር መምረጥ ብቻ ከሆነ ሐሳብህ የአርዱፓይለት ድረ ገጽ መርጠህ ስታዝ ኮምፓይል አድርጎ ይሰጥሃል።

የመገናኛው፦ የኔ ላፕቶፕ ግን ኡቡንቱም ላይ ይጠፋል።

አባ ዋፍ፦ ያንተ አቧራው ይጠረግ፣ የሙቀት ቅባቱም ይቀየር።

ደንበኛው፦ የኔ ልጅ ይጠርጋል።

ጀማሪው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! የሃያ ሁለቱ ልጅ እሑድ ይከፍታል?