ጥቆማ፦ ሆደ ባሻና እልኸኛ ልጅ ይዞ መስከረምን ለመቀበል ምን ላይ ገንዘብ ይውጣ?

ጠያቂ
ሰላም ቤተሰብ። ያለነው አዲስ አበባ ነው። ትንሹ 5 ዓመቱ፣ ሆደ ባሻ ነው፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሙጭጭ ይላል። ትልቋ 9 ዓመቷ፣ እልኸኛ ናት፣ «አልሄድም» ትላለች። ሰርቪስ፣ የክረምት ትምህርት፣ አማካሪ፣ አዲስ ዕቃ… ሁሉም ላይ ማውጣት አይቻልም። ከየቱ ልጀምር?

የኬጂ መምህርት
እህቴ፣ ለትንሹ መጀመሪያ የሚያስፈልገው በር ላይ የሚረከበው ሰው ነው። ትምህርት ቤቱን «ጠዋት ማን ይቀበለዋል?» በያቸው። «ጥበቃው አለ» ካሉሽ አልመለሱልሽም። ልጁ ስሟን የሚያውቃት አንዲት ረዳት መምህርት ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚያው ቦታ ትቁም። ስንብቱ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፤ ሳም አድርገሽ «ምሳ በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሳ እመጣለሁ» ብለሽ ሂጂ። «9 ሰዓት ላይ» ማለት ለእሱ ምንም አይነግረውም። ሲዘናጋ ሹልክ ማለት ለዛሬ ይገላግላል፤ ነገ ግን ቀሚስሽን አይለቅም፣ ዞር ካለ እንደምትጠፊ አውቋላ።

የክረምት ትምህርት ከሆነ፣ መስከረም የሚገባበት ግቢ ውስጥ ያለውን ምረጪ። ሌላ ቦታ ፊደል ይቆጥራል እንጂ መጸዳጃ ቤቱን አይለምድም፤ ትንንሾቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈሩት እሱን ነው። ካልተመዘገበም ለምዝገባ ስትሄጂ ውሰጂውና ቧንቧውን ራሱ ከፍቶ ይዝጋ።

ዩኒፎርም ሰፊ
መምህርቷ ያነሳችው መጸዳጃ ቤት እኛም ጋ ይመጣል። ለኬጂ ልጅ ሱሪው ወገቡ ላይ ላስቲክ ይሁን፤ መንጠቆና ጠንካራ ቁልፍ ብቻውን መፍታት ስለማይችል ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይይዛል። አዲስ ሹራብ ይኮሰኩሳል፣ ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ። ዩኒፎርሙን ከመክፈቻው ቀን በፊት ሁለቴ እጠቡት፣ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት ፍቱት። ጫማ ማሰሪያ የሌለው። ምሳ ዕቃም እንዲሁ፦ ሱቁ ውስጥ ልጁ ራሱ አምስት ጊዜ ከፍቶ ካልዘጋው አትግዙ።

የሰርቪስ አስተባባሪ
ቋሚ ረዳት ያለው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለሆደ ባሻ ልጅ ይሻላል፤ ችግሩ ዙሩ ይረዝማል። የግል ሚኒባስ ቶሎ ያደርሳል፣ ግን ሾፌሩ ብቻውን ከሆነ ሙጭጭ ያለውን ልጅ ከእጅሽ የሚቀበል የለም። ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ፦ ስንተኛ ነው የሚጫነው? ስንት ልጅ አለ? መኪናው ሲበላሽ ማን ይደውላል? ቅድሚያ ክፍያ የሦስት ወር ቢሉሽ በአንድ ወር ተከራከሪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» የሚል ልጅ መኪና እያጥወለወለው ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ታክሲ ስትሳፈሩ ተመልከቺው። ወተት ጠጥቶ ወዲያው አይሳፈር፣ ደረቅ ዳቦ ይብላ፣ ፊት ለፊት እያየ ይቀመጥ።

የሥነ ልቦና ባለሙያ
ትልቋን «ዛሬ ትሄጃለሽ?» አትበያት፤ ጠየቅሻት ማለት «አልሄድም» እንድትል ፈቀድሽላት ማለት ነው። መሄዱ አይመረጥም። የምትመርጠው «ሹራቡን እዚህ ትለብሻለሽ ወይስ መኪና ውስጥ?» የሚለውን ነው። አንዴ ተናግረሽ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ደጋግመሽ ከጨቀጨቅሻት ክርክር አገኘች፣ ሰርቪሱም አመለጠ። ከቀረች ደግሞ እስከ መውጫ ሰዓት ቴሌቪዥንም ስልክም የለም፣ ደብተር ብቻ። ቤቱ ከክፍሉ እንዳይጥም ነው እንጂ ለቅጣት አይደለም።

ትምህርት ቤት መሄድ ጭራሽ ላቆመ ልጅ በደረጃ ነው፦ እስከ በሩ፣ ግቢ ውስጥ 20 ደቂቃ፣ እስከ እረፍት፣ እስከ ምሳ፣ ሙሉ ቀን። አንዱ ደረጃ ካልሆነ እሱኑ ይድገሙት፤ ወደ ዜሮ አይመለስም። እያለቀሰ ይዛችሁት አትውጡ፤ ትንሽም ቢሆን ረጋ ይበልና ከዚያ ውጡ። እያለቀሰ ከወጣ ፍርሃቱ ልክ እንደነበር ያረጋገጣችሁለት ያህል ነው።

አማካሪ ሁሉም አያስፈልገውም። ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ካጣ ሂዱ። ከዚያ በፊት የሰገራ፣ የዐይንና የጆሮ ምርመራ ይደረግለት፤ ጃርዲያ ያለበት ልጅ እሑድም ሆዱን ያመዋል፣ የፍርሃቱ ግን ብዙ ጊዜ እሑድ ይተወዋል። አማካሪ ስትመርጡ ወላጅን የሚያስገባ፣ የቤት ሥራ የሚሰጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆነ ይሁን። ልጁን ብቻውን አነጋግሮ «በሚቀጥለው ሳምንት አምጡት» ከማለት የማያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። የግል ውድ ከሆነ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ስሙ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ፍርሃቱ ከዱላ ከሆነ ማባበል አይሠራም፤ ርእሰ መምህሩ ጋ ግቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

ጠያቂ
አስጠኚስ? እና ከረሜላ እየሰጡ መሸኘት?

የኬጂ መምህርት
አስጠኚ ትምህርት ለከበዳት እንጂ ለእልህ አይሆንም፤ ለአሁኑ ተዪው። ከረሜላውን በር ላይ ከሰጠሽው ለለቅሶው ነው የከፈልሽው፤ ማታ ሲመለስ «ዛሬ ቦርሳህን ራስህ ይዘህ ገባህ» ብለሽ ስጪው። ደግሞ ክረምቱን ሙሉ «ቆይ ብቻ፣ ትምህርት ቤት ይከፈት! ለመምህርትህ ነው የምነግርልህ!» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ይተው።

የሰርቪስ አስተባባሪ
ከገና በኋላና በጥር የሴሚስተር እረፍት ማግስት ለቅሶው ይመለሳል። ያን ሰሞን ሰርቪስ አትቀይሩ።