ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና መጠጣት ድባቴን ይቀንስ እንደሆነ በምን ዓይነት ጥናት ይታወቃል?

ጥያቄ (ከደሴ)

የሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ከጎረቤት ጋር ዘወትር ቡና የሚጠጡ የደሴ እናቶች ከማይጠጡት ይልቅ የድባቴ ምልክት ያነሰባቸው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ባለፉት 2 ሳምንታት የነበሩ የድባቴ ምልክቶችን በ9 ጥያቄዎች የሚለካውን ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ ለ200 እናቶች አንድ ጊዜ ሞልቼ ሁለቱን ወገኖች ለማነጻጸር አቅጃለሁ። ሴት በመሆኔ እናቶች በቀላሉ ያስገቡኛል፤ ያለኝ ጊዜ ግን 4 ወር ብቻ ነው። የዚህን ንድፍ ጥንካሬና ድክመት ብታሳዩኝ።

መልስ 1 (ከኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ መረጃን አንድ ጊዜ ብቻ መሰብሰብ ወጪው አነስተኛ፣ ተሳታፊዎችንም የማያመላልስ በመሆኑ ለጊዜሽ ይስማማል። የማይችለው መንሥኤን ከውጤት መለየት ነው። ድባቴ የያዛት ሴት ከሰው መቀላቀል ስለሚከብዳት፣ ከቡናው የቀረችው ስለታመመች እንጂ ስለቀረች የታመመች ላትሆን ትችላለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረቷ የተዘረፈ ወይም ሰው የሞተባት እናትም የምታፈላውን ቡና ከነጎረቤቱ አጥታ ይሆናል፤ ድባቴዋም ከዚያው ኀዘን የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኀዘንን፣ መፈናቀልንና የቤት ገቢን አብረሽ ጠይቂ፤ ርእስሽም «ይቀንሳል» ከሚል ይልቅ ስለ ግንኙነት የሚናገር ይሁን። ተሳታፊዎችን ደግሞ ከቤት ዝርዝር ላይ በዕጣ ምረጪ፤ አንዷ እናት ሌላዋን እየጠራች ከመጣች ብቻዋን የምትውለዋን በፍጹም አታገኚያትም።

መልስ 2 (ከወልድያ)

እኔን የሚያሳስበኝ መልሱ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ አንዲት እናት ለእያንዳንዱ ጥያቄ «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብኝ» እያሉ መለሱልኝ፤ ጎረቤታቸው አጠገባችን ቡና ትቆላ ነበር። እርሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስቲ ቅድም ስለ እንቅልፍ ያልሽውን ድገሚልኝ» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ የሰጡኝ መልስ ከፊተኛው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። እኛ አገር ደኅንነቱን የተጠየቀ ሰው አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ይህን እንደ መልስ ከመዘገብሽው ምስጋናውን እንጂ ስሜቱን አልለካሽም። በተለይ የአንቺ ጥናት ስለ ቡና በመሆኑ፣ ከቡናው ላይ ተቀምጦ መጠየቅ ውጤቱን ያበላሸዋል። እናቶቹን ለብቻቸው አነጋግሪ።

የመጠይቁ የአማርኛ ቅጂ የተፈተሸው በጤና ተቋም ታካሚዎች ላይ ስለሆነ፣ ከ200ዎቹ ውጭ ላሉ ጥቂት እናቶች አስቀድመሽ አንብቢና ምን እንደተረዱ በራሳቸው ቃል ያስረዱሽ። «ከግማሽ በላይ በሆኑ ቀናት» የሚለው ምርጫ ብዙዎችን ያደናግራል፤ እኔ ለ2ቱ ሳምንታት 14 የቡና ፍሬ አስቀምጬ የከበዳቸውን ቀን ያህል እንዲለዩልኝ አደርግ ነበር።

መልስ 3 (ከደሴ)

9ኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። አንዲት እናት «አዎ» ብትልሽ በዚያው ቀን ወደ ማን ትወስጃታለሽ? ይህን ከአንድ ጤና ተቋም ባለሙያ ጋር ሳትስማሚ የመጀመሪያውን ቤት አታንኳኪ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርእሱን አስተካክላለሁ፤ መጠይቁንም ለብቻቸው አነባለሁ። ለ9ኛው ጥያቄ ግን ያሰብኩት ነገር ስላልነበረ፣ ነገ ጠዋት አማካሪዬን ከማግኘቴ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው እሄዳለሁ።