የጭነት መኪናው ግራ ፍሬቻ፦ «እለፊ» ነው ወይስ «ልታጠፍ ነው»?

ጠያቂ፦ የቄሬታሮ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ሜክሲኮ መጥተን ቄሬታሮ ከተቀመጥን ወዲህ የከተማውን መንዳት ለምጄዋለሁ። የትራፊክ መብራቱ ወደ ቢጫ ከመለወጡ በፊት አረንጓዴው ብልጭ ድርግም እያለ ያስጠነቅቃል፤ እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ግራ የገባኝ ከከተማ ውጭ ያለው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሳን ሁዋን ዴል ሪዮ ወደ ሃልፓን በሚወስደው 120 ቁጥር ፌዴራል መንገድ ወደ ሲዬራ ጎርዳ ተራሮች ወጣን። መንገዱ ባለ ሁለት መስመር ነው፤ ጥምዝምዙም አያልቅም። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣል። ከኋላው ተከትለን ስንሄድ ሹፌሩ የግራ ፍሬቻውን አበራ። ወደ ግራ ሊታጠፍ ነው ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩለት፤ እሱ ግን ፍሬቻውን እያበራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከኋላዬ የነበረው ፒክአፕ ጥሩንባውን ነፋብኝና ሁለታችንንም ደርቦ አለፈ። እሺ፣ «እለፊ» ማለቱ ነበር አልኩ። ብዙም ሳንርቅ ሌላ የጭነት መኪና ያንኑ ፍሬቻ አበራ፤ ይኸኛው ግን የምሩን ወደ ግራ ታጥፎ ወደ አንድ የድንጋይ መፍጫ ገባ።

ሌላም አለ። አንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ልንደርስ ስንል ከወዲያ በኩል የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን አብርቶ አጠፋ። ባለቤቴ «አሳለፈሽ፣ ግቢ» አለኝ። እኔ ቆምኩ። መኪናው እየበረረ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ክርክሩ አላቆመም።

እዚህ አገር ብዙ የነዳችሁ፣ እነዚህን መብራቶች እንዴት ነው የምታነቧቸው?

መልስ፦ የፑዌብላው መሐንዲስ

እህቴ፣ ድልድዩ ላይ የቆምሽው አንቺ ትክክል ነሽ፤ ለባለቤትሽ ይህን መልስ አሳዪውና ክርክሩ ይዘጋ። በሜክሲኮ ጠባብ ድልድይ ላይ ረጅም መብራት ቀድሞ ያበራ ሰው የሚለው «እኔ እየመጣሁ ነው፣ አንተ ጠብቅ» ነው። በሌላ አገር እንደ ልግስና የሚቆጠረው እዚህ የባለቤትነት ማስታወቂያ ነው። አንቺም ቀድመሽ ከደረስሽ አብሪና እለፊ፤ ማንም አይቀየምሽም። ዝም ብለሽ ከቆምሽ ግን ወዲያ ማዶ ያለው ሁሉ ተራ በተራ ያልፍብሻል እንጂ የሚያዝንልሽ አይኖርም።

ወደ ፍሬቻው ልምጣ። ከፑዌብላ ወደ ቬራክሩዝ ለሥራ ስመላለስ ዘመኔን የፈጀሁት ከጭነት መኪናዎች ኋላ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ቁጥብ መሆን አልችልም። የግራ ፍሬቻ ሁለቱንም ማለት ነው። ልዩነቱን የምታገኚው ከአምፖሉ ሳይሆን ከመኪናው አካሄድ ነው። ሊያሳልፍሽ የፈለገ ሹፌር ጎማውን ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ትከሻ ያስጠጋል፤ ፍጥነቱንም አይለውጥም ወይም በጥቂቱ ነዳጅ ይለቃል። ሊታጠፍ የፈለገ ግን ወደ መሐለኛው መስመር ይጠጋል፣ የፍሬን መብራቱም ይበራል። ከዚያ ደግሞ በግራ በኩል ምን እንዳለ ተመልከቺ። የአፈር መንገድ፣ የእርሻ በር፣ ማደያ፣ ያ ያየሽው ዓይነት የድንጋይ መፍጫ ካለ እጥፋት አለ ብለሽ አስቢ። በግራ ገደል ብቻ ከሆነ የትም አይታጠፍም። የቀኝ ፍሬቻ ካበራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት የሚመጣ አለ፣ አትውጪ ማለቱ ነው።

ይህን ሁሉ አይተሽ ምልክቱ ለአንቺ እንደሆነ ብታረጋግጪም ሹፌሩ የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን መንገድ ነው፤ የአንቺን ሞተር አያውቅም። በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቬራክሩዝ ወደብ ላይ ሽው ብሎ የሚቀድም መኪና ፑዌብላ ሲደርስ ይለግማል። ሦስተኛ ማርሽ አስገብተሽ መኪናው እንዴት እንደሚመልስልሽ ከማወቅሽ በፊት የማንንም ፍሬቻ አትመኚ።

ከፍሬቻው ይልቅ አዲስ መጤን የሚያስደነግጠው ግን የመንገዱ ትከሻ ነው። ሰፊ ትከሻ ባላቸው ባለ ሁለት መስመር መንገዶች ላይ ሰዎች መንገዱን እንደ አራት መስመር ነው የሚጠቀሙበት። ዝግ ያለው ግማሽ አካሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሄዳል፣ ፈጣኑ የመሐለኛውን መስመር ረግጦ ያልፋል። ይህ ከፊትሽ በሚመጡትም ላይ ይሠራል። ማለትም አንድ አውቶቡስ ሌላውን እየቀደመ ፊት ለፊት በአንቺ መስመር ላይ ይመጣል፤ ወደ ትከሻው እንደምትወጪለትም እርግጠኛ ነው። እብድ አይደለም። ደንቡን የምታውቂ መስሎት ነው። ፍሬን ረግጠሽ መስመርሽ ላይ ቆመሽ «መብቴ ነው» ብትዪ መብትሽ ነው፤ ግን ውጪለት። በዚህ ዓይነት መንገድ ስነዳ ዓይኔ ዘወትር የቀኙ ትከሻ ላይ ነው፦ ብስክሌት አለ? የቆመ መኪና አለ? ጫፉ ተቆርሷል? መውጫዬን ሳላውቅ አልሄድም።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። በፌዴራል መንገዶች ላይ «አስፋልቱ ላይ ድንጋይ አትተዉ» የሚል ምልክት ታያለሽ። መኪና የተበላሸበት ሹፌር ከኋላው ለሚመጡት ማስጠንቀቂያ ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፤ ጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን ይረሳዋል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትርጉም አያስፈልገውም። ቅርንጫፍ አስፋልት ላይ ተጥሎ ካየሽ ከጥምዝምዙ በስተጀርባ የቆመ ተሳቢ አለ ብለሽ ቀንሺ። ወደ ኦሪሳባ በሚወርደው የማልትራታ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መሬቱ ላይ ቀይ መስመር ተቀብቷል። ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ያንን ተከትሎ ወደ አሸዋው መውጫ ይገባል። ጉም ሲጥል ፎቶ ለማንሳት እዚያ ጫፍ ላይ የሚቆሙ ጎብኚዎችን አይቻለሁ፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

መልስ፦ የኦሃካዋ እህት

ጋሼ መሐንዲስ፣ ስለ ድልድዩና ስለ ትከሻው በሙሉ እስማማለሁ። ስለ ፍሬቻው ግን አልቀበልዎትም። እርስዎ የሚሉት ንባብ ለብዙ ዓመታት ለነዳ ሰው ነው፤ ጠያቂዋ ገና እየጀመረች ነው። እዚህ አደጋ ሲደርስ የመድን ድርጅቱ የራሱን አጣሪ እስከ ቦታው ድረስ ይልካል። የጎረቤቴ መኪና ፍሬቻ ካበራ የጭነት መኪና ጋር ሲጋጭ አጣሪው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ መስመሩ የተቆራረጠ ነው ወይስ ድፍን? ድፍን ነበር። «እሱ እኮ አብርቶልኝ ነው» የሚለው ቃል የትም አልተጻፈም። ሰው ከተጎዳ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ሹፌሩን ይዘው ሊያቆዩት ይችላሉ። ስለዚህ የእኔ ደንብ አጭር ነው። መንገዱን በራሴ ዓይን ካላየሁ፣ መስመሩም ድፍን ከሆነ፣ መኪናው እንደ ገና ዛፍ ቢያበራም ከኋላው እቆያለሁ። ጥሩንባ የሚነፋብኝ ይንፋ።

ስለ ቶፔ፣ ማለትም ስለ ፍጥነት መግቻው ጉብታ፣ ማንም አላነሳም! ከኦሃካ ወደ ባሕሩ በሚወርደው በ175 ላይ እያንዳንዱ መንደር መግቢያውና መውጫው ላይ አስፋልት ከምሮ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ቢጫ ቀለም አለው፣ አንዳንዱ ቀለሙ ከታጠበ ቆይቷል፣ አንዳንዱ የዛፍ ጥላ ውስጥ ተደብቋል። ምልክት አትፈልጊ፤ ሰው ፈልጊ። መንገድ መሐል ቆሞ ማንጎ ወይም ኦቾሎኒ የሚሸጥ ልጅ ካየሽ ቶፔው እግሩ ሥር ነው፤ መኪና የማይቀንስበት ቦታ ላይ ማን ገበያ ያቆማል? ከፊትሽ ያለው መኪና አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ላይ ካበራም ቀንሺ፤ ወይ ቶፔ ነው ወይ የቆመ ሰልፍ። በሌሊት ግን ይህ ሁሉ አይታይም፣ ከብቱም መንገድ ላይ ይተኛል። ከመሸ አልነዳም። ወደ ፑዌርቶ ኤስኮንዲዶ በየካቲት 2024 የተከፈተው አዲሱ መንገድ ጉዞውን ስላሳጠረው አሁን በቀን መድረስ ይቻላል።

መልስ፦ ከቻፓላ ሐይቅ ዳር

ሁላችሁም ስለ ጭነት መኪናው ፍሬቻ ነው የምታወሩት። የእህታችን የራሷስ? የግራ ፍሬቻ «እለፍ» የሚል ትርጉም ካለው ባለ ሁለት መስመር አውራ ጎዳና ላይ ወደ ግራ ልትታጠፍ ፍሬቻዋን አብርታ መሐል መንገድ ላይ ብትቆም ከኋላዋ የሚመጣው «አሳለፈችኝ» ብሎ በግራዋ ይወጣል፤ ልክ እሷ መሪዋን ስታጠማዝዝ። የአገሬው ሰው መላ አለው። ወደ ግራ መታጠፍ ሲፈልግ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣና ይቆማል፤ ሁለቱም አቅጣጫ ጸጥ ሲል መንገዱን አቋርጦ ይገባል። ትከሻ ከሌለ ደግሞ እጥፋቱን አልፈሽ ሂጂና ሬቶርኖ፣ ማለትም መመለሻ ያለበት ቦታ ላይ ዞረሽ ተመለሺ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከተማ ውስጥም የዚህ ዘመድ አለ። ጓዳላሃራ ውስጥ እንደ ሎፔስ ማቴዎስ ባሉ ትላልቅ ጎዳናዎች ላይ ከዋናው መንገድ ጎን ላቴራል የሚባል መንገድ አብሮ ይሄዳል። በብዙ ቦታ ወደ ግራ የሚታጠፈው ከመሐለኛው መስመር ሳይሆን ከዚያ ከዳር ካለው ላቴራል ነው፤ የራሱ ቀስት ያለበት መብራትም አለው። አዲስ ሰው መሐል ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቀስቱ ግን ለእሱ አይበራለትም።

ጠያቂ፦ የቄሬታሮ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የራሴን ፍሬቻ በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። በጋሼ መሐንዲስና በኦሃካዋ እህቴ መካከል ለጊዜው ከእሷ ጋር ነኝ፤ ባለቤቴ ግን ከእርሳቸው ጋር ሆኗል። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የሚቀጥለው ሰኞ በራሳችን መኪና ወደ ሜክሲኮ ሲቲ እንገባለን። ምን ልወቅ?

መልስ፦ የፑዌብላው መሐንዲስ

ለጊዜው ከእሷ ጋር ብትሆኚ አይከፋኝም፤ ክረምት ከበጋ ስትነጂ ትመለሻለሽ።

በ57ዲ በክፍያው መንገድ ግቡ። በነጻው መንገድ የምታተርፉትን ፔሶ በጊዜና በፍሬን ሸራ ትከፍሉታላችሁ። ፓልሚያስና ቴፖትሶትላን ላይ ክፍያ አለ፤ በየቦታው የሚሰጧችሁን ደረሰኝ እስክትደርሱ አትጣሉት፣ የመንገድ ተጠቃሚ መድን የሚጠየቀው በእሱ ነው። መንገድ ላይ ከተበላሸባችሁ በ078 ደውሉ፤ አረንጓዴ መኪና ያላቸው «አንሄሌስ ቬርዴስ» የሚባሉት የመንግሥት መካኒኮች ይመጣሉ። ለጉልበታቸው አያስከፍሉም፣ ለዕቃና ለነዳጅ ግን ትከፍላላችሁ። ማደያ ላይ ቀጂው ከመጀመሩ በፊት ቆጣሪው ዜሮ መሆኑን ያሳያችኋል፤ ካላሳያችሁ ራሳችሁ እዩት። ጥቂት ፔሶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው።

ከተማው ውስጥ ሜትሮቡስ የሚሄድበት መስመር ባዶ ሆኖ ያታልላችኋል፤ አትግቡበት። በኩዋውቴሞክ ጎዳና ካለፋችሁ ደግሞ የሜትሮው ሦስተኛ መስመር ጣቢያ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ስምና የአንበሳ ራስ ምልክት ታያላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለን ሁሉ እነርሱም የእኛን ስም ሰጥተዋል። ለማየት ግን መኪናችሁን በሥርዓቱ አቁሙ እንጂ መሐል ጎዳና ላይ እንዳትዘገዩ። ስታቆሙ ቀይ ጨርቅ የሚያወዛውዝ ሰው «ና፣ ና» እያለ ይመራችኋል፤ ስትወጡ ሳንቲም ይጠብቃል።

መልስ፦ የኦሃካዋ እህት

ጋሼ ዋናውን ረሱት! ሰኞ ብለሻል። እዚያ ከተማ ከ1989 ጀምሮ በታርጋ የመጨረሻ ቁጥር በየቀኑ የሚታገዱ መኪናዎች አሉ፤ ሰኞ የ5 እና የ6 ነው። ከእገዳው ነጻ የሚያደርገው የጭስ ምርመራ ተለጣፊ ከሌላችሁና ታርጋችሁ በእነዚህ ካለቀ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መንዳት አይቻልም። ታርጋችሁን አይታችሁ ካስፈለገ እሑድ ማታ ግቡና ሰኞን በሜትሮ ዙሩ።