አስቸኳይ! ለዓርብ «የቅጣት ማቅለያ አቅርቡ» ተባልን፣ ምንድነው የሚቀርበው?

የጨነቃት እህት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ ዛሬ ጥፋተኛ ተባለ። ዳኛዋ ለዓርብ ቀጠሩና «ማቅለያ ካላችሁ አቅርቡ» አሉን። ማን ነው የሚጽፈው? ልጁ 5 ወር ታስሯል፣ ያ ይበቃዋል አይደል? እናታችን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ቡና በጨው፦ ቀጠሮው ከሰዓት ከሆነ ዳኛዋ ምሳ በልተው እንዲገቡ ጸልዪ።

ሸገር 22፦ የቀበሌ ደብዳቤ አውጪ። አለቀ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ ወጣት ቢጣላም በማግስቱ ሽማግሌ ፊት ይቀርብ ነበር። አሁን ማን ይገሥጻቸዋል? ማረሚያ ቤት በጥበቃ ስሠራ ስንቱን አየሁ። ደግሞ ቢፈረድበትም ዓለም አላለቀችም። ጠባዩን አሳምሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል።

ችሎት ለችሎት፦ ጋሼ፣ መጣላቱን ማን ነገረዎት? እህቴ፣ አንቀጹ ስንት ነው? እሱን ሳናውቅ ምን እንበልሽ?

የጨነቃት እህት፦ ይቅርታ፣ ወረቀቱ ላይ 555 ይላል። ወንድሜ ማታ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ በዱላ መትቶ እጁን ሰበረው። ግን ቀድሞ እናታችንን የሰደበው ያ ልጅ ነው!

ችሎት ለችሎት፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ነው። ሰፊ ነው፤ ከታች 1 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከላይ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ ይሄዳል። ፍርድ ቤቱ የጉዳቱን ክብደት አይቶ በቅጣት አወሳሰን መመሪያው መነሻ ይይዛል። ከዚያ ማክበጃ ካለ የቅጣቱ እርከን (ደረጃው) ይወጣል፣ ማቅለያ ካለ ይወርዳል። ማታ መሆኑንና ዱላውን ዐቃቤ ሕጉ በአንቀጽ 84 ማክበጃ ብሎ ሊያነሳቸው ስለሚችል ተዘጋጁ። ስድቡ ደግሞ ማቅለያዎቹ ባሉበት አንቀጽ 82 ውስጥ ይገባል፣ ግን «ሰደበኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከምስክር ቃል ውስጥ የተነገረ ካለ እሱን ጥቀሱ። 5 ወሩ ከሚፈረድበት ላይ ይታሰብለታል እንጂ ቅጣቱ አለቀ ማለት አይደለም።

ሸገር 22፦ የቀበሌ ደብዳቤ አልኩ እኮ።

ቡና በጨው፦ ቀበሌ ድሮ ቀረ፣ አሁን ወረዳ ነው።

እውነት ይነገር፦ ይቅርታ አድርጉልኝና እጁ የተሰበረው ልጅስ? እሱም እናት አለው። ሁላችሁም ስለ መቺው ብቻ ነው የምታወሩት።

የጨነቃት እህት፦ ልክ ነህ። ግን ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ?

ስንቅ አመላላሽ፦ ያነሳው ነገር እኮ ይጠቅምሻል። የእኔ ወንድም ጊዜ የረዳን እሱ ነው። ተጎጂው ቤት ሽማግሌ ላክን፣ የሕክምናውን ወጪ ከፈልን፣ ደረሰኙንና የእርቁን ወረቀት አያይዘን አቀረብን። እርቁ ክሱን አላስቀረውም፣ ቅጣቱን ግን አቀለለው። ጥፋትን አምኖ መጸጸትና መካስ ሕጉ ላይ አለ። ከዚህ በፊት ተከሶ የማያውቅ ከሆነ እሱንም አንሱ፣ የጠባይ ምስክርም ይቆጠራል። ሕመም ካለው የሐኪም ማስረጃ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነም የወረዳ ማስረጃ አያይዙ። ጠበቃ ካልያዛችሁ ተከላካይ ጠበቃውን ዛሬውኑ አግኙት።

ስሜን ተውት፦ ውስጥ ሰው የለሽም? ሰው ካለሽ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ችሎት ለችሎት፦ ይሄን እንዳትሰሚ። አንዱ መዝገብ ሁለት ይሆንባችኋል፣ ሁለተኛው ባንቺ ስም።

የጨነቃት እህት፦ የልጁ አባት ሽማግሌዎቹን በር ላይ መለሷቸው። አሁን ምን ላድርግ? ነገ ሐሙስ ነው።

ስንቅ አመላላሽ፦ ነገ ጠዋት ሌላ ሽማግሌ ላኩ፣ የንስሐ አባታቸውን ብታገኙ ይሻላል። እምቢ ካሉም የሄዱት ሰዎች ዓርብ ቀርበው መሄዳቸውን ይናገሩ። ለመካስ መሞከሩም መጸጸቱን ያሳያል። ገንዘብ ግን ያለ ደረሰኝ በእጅ እንዳትሰጡ።

ቡና በጨው፦ ዓርብ አለፈ፣ እንዴት ሆነ?

ቡና በጨው፦ እህቴ?

ሸገር 22፦ የቀበሌ ደብዳቤ ልታወጣ ሄዳ ይሆናል።