አያትና ሦስት ልጆች ይዘን ጎንደር ልንመጣ ነው፤ ምን ትጠቁሙናላችሁ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዳማ ነው። ልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ሲሆኑ አራት ቀን አግኝተን ጎንደር ልንመጣ አስበናል። ስድስት ነን፤ እኔና ባለቤቴ፣ የ12፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ጉልበቷን የሚያማት እናቴ። ልጆቹ የጓጉት ለባሕር ነበር፤ መርከብና ወደብ ያለው ከተማ ካልሆነ ብለው አልቅሰዋል። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳልሳለም አልቀርም ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ሁሉንም እንዴት እናስደስት? ማረፊያ የት ይሻላል? አስጎብኚ ያስፈልጋል? ባጃጅ ወይስ መኪና? ከከተማ ወጥተን አንድ ቀን ብንውል ሰሜን ተራሮች ነው ወይስ ጎርጎራ?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ያብቃን። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አሁንም የምኖረው ጎንደር ነው፤ ዘመድ በመጣ ቁጥር ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዢልኝ ይህን ያዢልኝ፤ በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አትያዙ። ብዙ ሰው ከተማዋን በአንድ ቀን ሊጨርሳት ይሞክራል፤ ጠዋት ግቢ፣ ከዚያ መዋኛው፣ ከዚያ ሥላሴ፣ ከዚያ ቁስቋም። ማታ ልጆቹን ብትጠይቋቸው አንዱን ግንብ ከሌላው አይለዩትም። የእህቴን ልጆች እንዲያ እያጣደፍኩ አዙሬያቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፋሲል ግቢን ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማለዳው ብርድ ነው፤ ልጆቹ ሹራብ ይልበሱ። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ግቢው ውስጥ መጠለያው የዛፍ ጥላ ብቻ ነው። 900 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 12 በር ያለው አጥር የከበበው ሰፊ ቦታ ስለሆነ ውኃ ይዛችሁ ግቡ።

አስጎብኚ ለሚለው፣ እዚህ ቦታ አዎ፣ ያዙ። ሌላ ቦታ ብታጡት አይጎዳችሁም፣ ግቢውን ግን ያለ ተራኪ ያየ ልጅ ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው። ትኬት መቁረጫው አጠገብ ባጅ ያላቸው አስጎብኚዎች አሉ። ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ፣ የ5 ዓመት ልጅ እንዳለችም ንገሩት። የነገሥታት ስም የሚደረድር ከሆነ ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ይሰለቻሉ፤ ታሪክ የሚያወራላችሁን ምረጡ። ለምሳሌ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት ከቦታ ቦታ በድንኳን ይዘዋወሩ እንደነበር ከነገራችኋቸው፣ ልጆቹ ያን ባለ አራት ክብ ማማ ግንብ በሌላ ዐይን ነው የሚያዩት። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ደግሞ ጣሪያው እንደ ፈረስ ኮርቻ የጎበጠ ነበር። ውስጡ በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል፤ በ1696 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በጣሊያን ጊዜ መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ መታው። የኔ ልጅ ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ስለዚህ ጣሪያ ነው። የአንበሶቹን ቤት፣ የዐፄ ዳዊትን የዘፈን ቤትና የዐፄ በካፋን ረጅም የግብር አዳራሽ አትዝለሉ። እማማን ግን የፋሲል ግንብ ደረጃ ይከብዳቸዋል። ምድር ቤቱን አይተው ዛፍ ሥር ይቀመጡ፣ አንዳችሁ አብራችኋቸው ሁኑ።

ትኬቱን አትጣሉት፤ የፋሲል መዋኛንም በእሱ ነው የምትገቡት። መዋኛው ከግቢው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከምሳና ከዕረፍት በኋላ፣ 10 ሰዓት አካባቢ ሂዱ። አሁን እውነቱን ልንገርሽ፤ ልጆቹ ውኃ እናያለን ብለው ከሄዱ ያዝናሉ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ በሌላው ጊዜ ደረቅ ሆኖ ነው የምታገኙት። በመንገድ ሳላችሁ ንገሯቸው። ልባቸውን የሚሰርቀው ሌላ ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር አጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ድንጋዩን ሰንጥቆ ወርዷል። የአምስት ዓመቷ ልጅሽ እዚያ ግማሽ ሰዓት ትጫወታለች፣ እማማም ሣሩ ላይ ያርፋሉ። ከከተማው ቦታ ሁሉ ለቤተሰብ የምወደው ይህን ነው።

ጥምቀትን ካሰባችሁት ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ፣ ጥር 11 ሌሊት ቅዳሴው፣ ጎህ ሲቀድ የውኃው መባረክ፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን ሕዝቡ እጅግ ብዙ ነው፣ ማረፊያ ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. በዓል የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ልጅ ይዛችሁ እንጨት ላይ አትውጡ። ታቦት ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆማችሁ ማየት በቂ ነው፣ እልልታውም ዝማሬውም እዚያው ይደርሳችኋል።

ሁለተኛው ቀን የእማማ ይሁን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ማለዳ ሂዱ፤ ቅዳሴ ካለ ያስቀድሱ፣ እናንተም ከቅዳሴ በኋላ ጎብኙ። በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተሠራ ነው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል፤ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ብለው አባቶቻችን ይነግሩናል። ከአጥሩ በር ስትገቡ ልጆቹን ቀና በሉ በሏቸው። አጥሩ ላይ ያሉት 12 ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው። ውስጥ ስትገቡ ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ክንፍ ያላቸው፣ ትልልቅ ዐይን ያላቸው፣ በየትኛውም ማዕዘን ብትቆሙ የሚያዩአችሁ። እኛ ከልጆቹ ጋር ቆጥረን ሁሉም የተለያየ ቁጥር ይዞ ወጣ፣ ወጥተን ተመልሰን እንደገና ቆጠርን። ጫማ ይወልቃልና ካልሲ ያድርጉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ነጠላ አትርሱ። ፍላሽ ክልክል ነው፣ የሥዕሉን ቀለም ይጎዳል።

ከሰዓት ቁስቋምና ወለቃን አወዳድራችሁ አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱን በአንድ ከሰዓት አትሞክሩ። ቁስቋም ኮረብታ ላይ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ደብር ነው። ፍርስራሹ ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፣ ጸጥታውም ልብ ያሳርፋል፤ የ12 ዓመት ልጃችሁ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ይህን ይወደዋል። መንገዱ ግን ዳገት ነው፣ እማማን በባጃጅ እስከ በሩ አድርሷቸው። ወለቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለች የሸክላ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ዘመቻዎችና በመካከሉ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሸክላ ሥራው ቀርቷል። ትንንሾቹ የጭቃ ምስሎች ለልጆች ደስ ይላሉ፣ ግማሽ ሰዓት ግን ይበቃዋል።

ማረፊያ በሁለት ይከፈላል። ፒያሳ አካባቢ ካረፋችሁ ግቢው በእግር ነው፣ ምግብ ቤቱም ፋርማሲውም ደጃፋችሁ ላይ ነው፤ ሌሊት ግን ድምፅ አለ። ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ካረፋችሁ ከተማዋ እግራችሁ ሥር ተዘርግታ ነው የምታዩት፣ ፀጥታም አለ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ነገር መኪና ትፈልጋላችሁ። አያትና ሕፃን ላለው እኔ ፒያሳን እመርጣለሁ፣ ኮረብታው ላይ ደግሞ አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ወጥታችሁ ቡና ጠጡ። የትም ብታርፉ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የምትጠይቁት ስለ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ አለ። "ሮቶ አላችሁ? ሙቅ ውኃው ማታም ይሠራል?" በሉ። አክስቴ ልጆቿን ይዛ የመጣች ጊዜ አንድ ማረፊያ ሁሉም አለ ብሏት ሁለት ቀን በባልዲ ነው የታጠቡት።

ለከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃል፤ ስድስት ስለሆናችሁ ግን ሁለት መያዝ አለባችሁ። ሳትሳፈሩ ዋጋ ቁረጡ። ቁስቋምና ወለቃ ስትሄዱ ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ፣ መመለሻ ላይ ላታገኙ ትችላላችሁ። ከከተማ ስትወጡ ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ። ከመናኸሪያ በሕዝብ ማመላለሻ መሄድ ይረክሳል፣ ግን ሞልቶ እስኪነሳ ያለው ጥበቃ እማማንም ሕፃኗንም ያደክማል።

ጥያቄ

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ በደንብ ነው የገባኝ። መዋኛው ደረቅ መሆኑን ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ፊታቸው ጠቆረ። ሰሜን ተራሮች ወይስ ጎርጎራ?

መልስ

ለእናንተ ጎርጎራ። ሰሜንን የማልወድ ሆኜ አይደለም፤ ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ሣር ሲነጩ ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ቡይት ራስ አካባቢ ገብታችሁ ብቻ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ግን አስቢው። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ከዚያ በኋላ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ብርዱና የአየሩ መሳሳት እማማን ሊያማቸው ይችላል። ገደሉ ዳር የ5 ዓመት ልጅ እጅ ሳይለቁ መዋልም አለ። ልጆቹ ሲያድጉ ሁለት ቀን ይዛችሁ ኑ።

ጎርጎራ ደግሞ የጎንደር ወደብ ነው። ልጆቹ ከጓጉለት ባሕር ጋር የሚመሳሰል ነገር ከዚህ የቀረበ የለም፤ ጣና ላይ ቆመሽ ማዶውን አታይውም። የቆላ ድባው ወንድሜ እዚህ አለ፣ እሱ ይንገርሽ።

ሌላ መልስ

ስለ አገሬ ሲነሳማ ዝም አልልም። እህቴ፣ ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የደምቢያ ሜዳ ላይ ስለሆነ መንገዱ አያዞርም። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ዕለት ጠዋት የመንገዱን ሁኔታ ሾፌሩንም ማረፊያውንም ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አትሞክሩት፣ ቀኑን ከተማ ውስጥ አውሉት።

ማልዳችሁ ውጡ። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበል ይሆናል። መጀመሪያ ጀልባውን፣ ቀጥሎ ደብረ ሲና ማርያምን፣ መጨረሻ ምሳ። ደብረ ሲና ለወደቡ ቅርብ ናት፤ ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት፣ ግድግዳዋ በጥንት ሥዕል የተሞላ። ለእማማ ከሥላሴ ቀጥሎ ይህችን ነው የምመርጠው። ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም፤ ሳትሳፈሩ ጠይቁ፣ አለዚያ እናንተ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ ባለቤትሽ ብቻ ይወርዳል። በዚያው በሐይቁ ዳር የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። ሱስንዮስ የፋሲል አባት ናቸው፤ ትልቁ ልጅሽ ግቢውን አይቶ ስለሚመጣ አባትየው ውኃ ዳር፣ ልጅየው ጎንደር እንደከተሙ ይገባዋል። ሩቅ ስለሆነና ብዙው ስለፈረሰ ግን ከሕፃናት ጋር ጀልባ ላይ ያን ያህል አልቆይም።

በደንገል ታንኳ ሰዎች ሲያልፉ ታያላችሁ። ልጆቹ እንሳፈር ይላሉ፣ እሺ አትበሏቸው፤ ፎቶ ይበቃል። ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል ጀልባው እንዳይጠጋ ለቀዛፊው ንገሩት። እግራቸውንም ውኃው ውስጥ አያስገቡ፣ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት። ይህን አጥብቄ የምለው የሰፈራችን ልጆች ታመው ስላየሁ ነው። እስከ ማታ ከቆያችሁ ወይም ካደራችሁ ወባ አለና ረጅም እጅጌ አልብሷቸው፣ አጎበር መኖሩን አረጋግጡ። በገበታ ለሀገር የተሠራው የጎርጎራ ሪዞርትም አለ፣ ለማደር ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውሉ።

ምሳ ዓሣ ነው እንግዲህ፤ ቆሮሶ ጥብስ፣ ከቻላችሁ በዕለቱ የተያዘ። ረቡዕና ዓርብ እማማ ይጾማሉ፣ ዓሣም አይበሉ ይሆናል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ብታደርጉት ሁላችሁም አንድ ገበታ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ጥያቄ

ወንድሜ ዕድሜ ይስጥህ። ሐሙስ አደረግነው። ጀልባው ላይ ሳንታለል እንዴት እንያዝ?

መልስ

ወደቡ ላይ ከመጀመሪያው ጋር አትስማሙ፣ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ የት የት ይቆማል፣ ነዳጅ በማን ነው፤ ይህን ሁሉ ከመሳፈር በፊት። ገንዘቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ላይፍ ጃኬት አምጡ በሉ፣ እያንዳንዱን አልብሳችሁ እዩት። ለ5 ዓመቷ ልኳ ከሌላቸው ሌላ ጀልባ ፈልጉ፤ እሱም ከጠፋ እማማና ሕፃኗ ከእኔ ጋር ዳር ላይ ቡና እየጠጣን እንጠብቃችኋለን፣ ሐሙስ እኔም እዚያው ነኝ።