ከጓንዡ የመጣ የልጆች ልብስ፦ ሁሉም በጉምሩክ ታሪፍ ኮድ 6111 ውስጥ ይገባል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጆች ልብስ አስመጣሁ። ላኪው ኢንቮይሱ ላይ በአንድ መስመር «የልጆች ልብስ» ብሎ ጨርሶታል። ትራንዚተሬም (ጉምሩክ የሚያስፈጽምልኝ ሰው) ሁሉንም በ6111 ብሎ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹን፣ ሞላ። ፍተሻ ላይ «ይሄ ሁሉ የሕፃን አይደለም» ተባለና ቆመ። ከሳይዝ 73 እስከ 130 አለ፤ ቲሸርትና ቁምጣ አብረው የታሸጉ፣ ጂንስ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ። ልጅ ልጅ ነው፣ ምኑ ነው የሚለየው?

የቃሊቲው፦ እህቴ፣ 6111 የልጆች ሳይሆን የሕፃናት ነው። የሚለካውም በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው። ልብሱ የተሠራው ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠ ልጅ መሆን አለበት። የቻይና ሳይዝ ቁጥሩ ራሱ የልጁ ቁመት ስለሆነ ግማሹን ተገላግለሻል። 73 እና 80 ሕፃን ናቸው። 90 እና ከዚያ በላይ ያለው እንደ አዋቂ ልብስ በየዓይነቱ ኮድ ይሄዳል።

ጂንሱን ደግሞ ከነጭራሹ ከዚያ አውጪው። የታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 61 እንደ ሹራብ ክሩ በቀለበት ለተያያዘ ጨርቅ ነው፤ ቲሸርት ጥሩ ምሳሌ ነው። ጂንስ ሽመና ስለሆነ ምዕራፍ 62 ነው። የሕፃን ከሆነ 6209፣ ከፍ ላለ ወንድ ልጅ 6203፣ ለሴት ልጅ 6204። የወንድ ይሁን የሴት ካልለየ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል።

ባለሱቋ፦ እኔን ያስለቀሰኝ አብሮ የታሸገው ነው። አንድ ላስቲክ ውስጥ ስለሆነ አንድ ኮድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሳይዙ ከ86 ካለፈ ቲሸርቱ 6109፣ ቁምጣው 6103 ወይም 6104 ነው። የሕፃኑ ግን ሁለቱም 6111 ናቸው። ኮፍያ የሕፃንም ቢሆን 6505 ነው። ካልሲ የሕፃን 6111፣ የትልልቆቹ 6115።

አዲስ ገቢ፦ ልብስ በአብዛኛው ቀረጡ 35 በመቶ አይደል? ቫቱም 15 ነው። ታዲያ ኮዱ ቢቀያየር ምን ያመጣል?

የቃሊቲው፦ ወንድሜ፣ ቀረጡ አንድ ቢሆንም ዋጋው የሚነጻጸረው በዕቃው ዓይነት ነው። የ130 ሳይዝ ጂንስ በሕፃን ልብስ ስም ሲቀርብ ዋጋ ማሳነስ ይመስላል። እስኪጣራ ዕቃው ይቀመጣል፣ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። እሱ ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ጠያቂዋ ሆይ፣ ላኪው ፓኪንግ ሊስቱን (የታሸገውን ዕቃ ዝርዝር) እንደገና ይሥራልሽ። በየሳይዙ ስንት ፍሬ፣ የወንድ ወይስ የሴት፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ በመቶኛ። 60 ጥጥ 40 ፖሊስተር ከሆነ ጥጥ ላይ ይመደባል፤ የሚበልጠው ክብደት ነው የሚወስነው። ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ምልክት ፎቶ አንስተሽ አያይዢ። ትራንዚተርሽ ዲክላራሲዮኑን ለማስተካከል ይጠይቅ፤ ዝም ብሎ «ይታለፍልን» አይበል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ለላኪው በዊቻት ጻፍኩለት። አንድ ነገር ቀረኝ፦ 80/86 የሚል ሳይዝም አለ። እሱስ?

የቃሊቲው፦ 86 ራሱ ውስጥ ነው። 6111 አድርጊው። ምልክቱ 86/92 ካለ ግን ለይተሽ አስቀምጪና ለትራንዚተርሽ አሳዪው።